ስኳር ተገኘበት

«ያዢልኝ እት መንበረ፣ ቶሎ በይ!» አለችና ዘርፈሽ አንድ ከረጢት ስኳር በአጥሩ ላይ አሻግራ ደረቴ ላይ ጣለችብኝ። ገና ፊቴን አልታጠብኩም። መፋቂያዬ ከአፌ ወደቀ፤ ከረጢቱን እንደ ሕፃን ታቅፌ ቀረሁ። ምንድን ነው ብዬ ሳልጠይቅ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አስከተለች፤ እሱም እስከ አፉ ጢም ያለ ስኳር ነው። ቀጥሎ በአጥሩ ክፍተት የታየኝ ላብ ችፍ ያለበት ሰፊ ፊቷ ነበር። «ስኳር ተገኘበት! ወልዴ ላይ ስኳር ተገኘበት፣ ዛሬውኑ ይፈለጋል ብለው ላኩብኝ» አለችኝ። ድምጿን ዝቅ ማድረጓ ነው፤ ዘርፈሽ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ እስከ ታችኛው መንገድ ይሰማል። ወልዴ የምትለው ባሏን ወልደአማኑኤልን ነው። እነሱና እኔ የአንድ ቤት ሁለት ግማሾች ነን፤ ቤቱ ከባለቤቱ ተወርሶ ቀበሌው መሃሉን በጭቃ ግድግዳ ሲከፍለው፣ መስኮቱ ለእነሱ፣ ምድጃው ለእኔ ደረሰን።

ዛሬ ለሚሰማው ነገሩ ያስቃል። ያን ጊዜ ግን ስኳር ማለት ዝም ብሎ ስኳር ማለት አልነበረም። ከቀበሌው ሱቅ በካርድ፣ በቤተሰብ ልክ ተመዝኖ ነው የሚሰጠው። ኪሎው ሁለት ብር አይሞላም፤ ግን ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። አልበቃኝም ያለ ሰው በጓሮ በር ገብቶ ስድስት ብርም ሰባት ብርም ከፍሎ ይገዛል፤ ገዢውም ሻጩም ከተያዙ ስማቸው አሻጥረኛ ነው። አንድ ነጋዴ በያዮ መንገድ ላይ ተይዞ፣ ጆንያውን እንዳሸከሙት በገበያው መሃል ሲያዞሩት አይቻለሁ። ስኳሩ በጆንያው ቀዳዳ አንገቱ ላይ እየፈሰሰ ንብ ተከትሎት ነበር፤ ሰውዬው ንቡን እንኳ እሽ ማለት አልቻለም፣ ሁለት እጁ ጆንያው ላይ ነው። ስለዚህ ዘርፈሽ ያን ሁሉ ስኳር ከየት እንዳመጣች አልጠየቅኳትም። ከረጢቱንና ጣሳውን ከአልጋዬ ሥር የበቆሎ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩና ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ወሬውን ያመጣችው ኡርጌ ናት። ኡርጌ ጎደሬና ጎመን ተሸክማ በየቤቱ የምትዞር ደግ ሴት ናት፤ አማርኛውን ከኦሮምኛው እያደባለቀች ስታወራ ባልሰማት ቀኑ አይሞላልኝም። ችግሯ መልእክት ስትቀበል ግማሹን በጆሮዋ፣ ግማሹን በፍርሃቷ መስማቷ ነው። ጠዋት የዓይን ቅባት ልትቀበል ክሊኒክ ሄዳ ያደታ አገኛት። ያደታ የክሊኒኩ ድሬሰር ነው፣ ቁስል የሚያሽግ፣ መድኃኒት የሚያድል፤ የቀበሌያችን ኮሚቴ ውስጥም አለበት። ስለዚህ ያደታ ይፈልግሃል ከተባለ መርፌ ሊወጋህም፣ ቃልህን ሊቀበልህም ይችላል። «ስኳር ተገኝቶበታል፣ ዛሬውኑ ይፈለጋል፣ እንዳይሮጥ ንገሪያቸው» ብሎ ላከኝ አለች ኡርጌ። እንዳይሮጥ! ከዚህ በላይ ዘርፈሽ ምን ትስማ? ቀኑ ሜይ ዴይ ነው፤ ባሏ ገና ሳይነጋ ከመሥሪያ ቤቱ ሰልፈኞች ጋር ወጥቷል። የት እንዳለ፣ ተይዞም እንደሆነ አታውቅም።

ደግሞ ይህ ሁሉ የመጣው በደህና ጠዋት ላይ አይደለም። የጭቃ ግድግዳ ጆሮ ሳይፈልግ ያሰማል። የወልደአማኑኤል ታላቅ እህት ሸዋርካብሽ ለጊዮርጊስ ብላ ከጎሬ መጥታ እነሱ ቤት ሰንብታለች፤ ሜይ ዴይና ጊዮርጊስ በአንድ ቀን ነው የሚውሉት፣ ሚያዝያ ሃያ ሦስት። እትዬ ሸዋርካብሽ ጨዋ፣ ጾመኛ፣ ነገር በሆዷ የምታብላላ ሴት ናት። ያን ጠዋት ግን ከሣጥኑ ኋላ የተደበቀውን የስኳር ጣሳ አገኘችና በሆዷ የነበረው ሁሉ ወጣ። «ወንድሜን እንዲህ እንጨት አስመስለሽ፣ አንቺ የማንን ድርሻ እየበላሽ ነው እንዲህ የፋፋሽው?» አለቻት። አልጮኸችም፤ ረጋ ብላ ነው ያለችው፤ የበለጠ የሚያመው እሱ ነው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ የዘርፈሽን መልስ ጠበቅኩ። ዘርፈሽ ለገበያ ሰው፣ ለወፍጮ ቤት ሰው መልስ የማታጣ ሴት ናት። ለዚያ ጥያቄ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጣሳው ሣጥኑ ላይ ሲቀመጥ ተሰማኝ፣ ከዚያ የኡርጌ «ቤቶች!» የሚል ጥሪ።

ዘርፈሽ ወፍራም ናት፤ አልዋሽም። በራችን ጠባብ ስለሆነ በጎኗ ነው የምትገባው፤ እኔም «ቀበሌው መጀመሪያ አንቺን ቢለካ ኖሮ ግድግዳውን ወደኔ ያስጠጋው ነበር» እላታለሁ፣ ትስቃለች። ወልደአማኑኤልም እንደ እሷ ነበር። ሆዱ ቢሮ ቀድሞ ገብቶ ወንበር ይይዝለታል ይባል ነበር። ድሮ ይህ ሙገሳ ነው፤ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው «ተመችቶሃል ጋሽ ወልዴ!» ሲለው ፈገግ እያለ ኮቱን ይቆልፍ ነበር። በኋላ ነው ሆድ ክስ የሆነው። በመሥሪያ ቤቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ አንዱ ብድግ ብሎ «ይህ ሆድ የሠፊው ሕዝብ ሆድ ነው ወይ?» አለ አሉ። ሰዉ ሳቀ፣ ቀጥሎ አጨበጨበ፤ ወልደአማኑኤልም አብሮ አጨበጨበ። ያን ዕለት እራቱን አልበላም። ያን ሰሞን ስፖርት በየረቡዑ ታወጀ፤ ባለ ክራቫቱ ሁሉ በቁምጣ ሜዳ ላይ እጁን ወደ ላይ ወደ ጎን ያደርግ ጀመር። እሱም አደረገ። ለረጅም ጊዜ ጠብ ያለለት ነገር አልነበረም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሆዱ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት፣ ደግሞ ሌላ። ጓድ ገብረ መስቀል፣ የስፖርት ኮሚቴው ኃላፊ፣ ፎቶውን በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ለጠፈውና ከሥሩ አርአያ ብሎ ጻፈበት።

ሁላችንም ለዚህ ክሳት የየራሳችን ትርጉም ነበረን። መሥሪያ ቤቱ ስፖርት ነው አለ። እህቱ ረሃብ ነው አለች። ዘርፈሽ ደግሞ አንድ ቀን ማድቤቴ ቁጭ ብላ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ሌላ ሴት ትኖረው ይሆን እንዴ፣ ሆዱን የወሰደችው?» አለችኝ፤ በሽንኩርቱ አሳብባ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሸምበቆ ነኝ፤ ማንም ግድግዳ ላይ ለጥፎኝ አያውቅም፣ ስለዚህ ትንሽ ቅናት ቢጤ ነበረብኝ። የእንስራው ክዳን ሌሊቱን ሁሉ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ጣሳው እንስራውን ሲነካ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ስፖርተኛ ውሃ ይወዳል ብዬ ተኛሁ።

እንግዲህ ሦስታችን ወልደአማኑኤልን ፍለጋ ወደ ቀበሌው ወጣን። ዘርፈሽና እኔ ከፊት፤ ሸዋርካብሽ ከኋላ፣ ለመንገድ ሰው አብራን እንዳለች፣ ለእኛ ደግሞ እንደሌለች በሚያስመስል ርቀት። ሌሊት ዘንቦ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ግማሹ ከተማ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፣ ግማሹ ቀይ ባንዲራ ይዞ ወደ አደባባይ ይወርዳል፤ ጠባቡ መንገድ ላይ ሲገናኙ በትህትና ይተላለፋሉ፤ ከሁለቱም ወገን የሆኑት ደግሞ ነጠላቸውን አጣጥፈው ባንዲራ ያነሳሉ። ያገኘን ሁሉ ሰላምታው ለዘርፈሽ አንድ ነው። «ዘርፈሽ! ኧረ ተመችቶሻል!» «ምን ብትበዪ ነው እንዲህ ያማረብሽ?» «የጋሽ ወልዴንም አንቺው ወሰድሽው እንዴ?» ሌላ ቀን ቢሆን ሦስት እጥፍ አድርጋ ትመልስላቸው ነበር። ያን ቀን እያንዳንዱ ሰላምታ ከኋላ ለምትመጣው ሴት የተመሰከረ ምስክርነት ነበር። ዘርፈሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለች አለፈች። ወደኋላ አልዞረችም።

ቀበሌው ቢሮ ተዘግቷል። ዘበኛው ጋሽ ሁንዴሳ ብቻ አሮጌ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ዘርፈሽ እየተንተባተበች ባሏ በስኳር ተይዞ እዚህ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ጋሽ ሁንዴሳ ካሰበ በኋላ፣ «እዚህ ስኳር ቢመጣ እኔ ሻዬን በጨው እጠጣ ነበር?» አላት። ታሳሪም የለም፣ አሳሪም የለም፣ ሁሉም ሰልፍ ላይ ነው አለን። ያደታ ግን ክሊኒክ ተረኛ መሆኑን ነገረን። ዘርፈሽ ለአፍታ የበረንዳውን ቋሚ ያዘችና፣ «ክሊኒክ ወስደው ይመረምሩታል ማለት ነው» አለች። ምርመራ የሚለው ቃልም ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነበር።

ክሊኒኩ አንድ አግዳሚ ወንበርና የዲዲቲ ሽታ ነው። ያደታ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ በር ላይ ተቀበለን፤ ከኋላችን ሰው ፈለገ። «ጋሽ ወልዴስ?» አለ። ዘርፈሽ ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ ያዘጋጀችውን ንግግር ሁሉ ትታ፣ «የኔ ነው ያደታ። ስኳሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ እሱ የት እንደገዛሁት አያውቅም። እኔን ጻፈኝ» አለችው። ሸዋርካብሽ ከኋላዬ ስትጠጋ ነጠላዋ ክንዴን ነካኝ። ያደታ ግራ ተጋብቶ ተራ በተራ አየን። «የቱን ስኳር እትዬ?» አለ። ከዚያ ገባው መሰለኝ፣ ሊስቅ ብሎ ተወውና ወደ ውስጥ አስገባን። ከጠረጴዛው ላይ አንድ የብርጭቆ ቱቦ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። ውስጡ ያለው ነገር የከተማችንን ጭቃ ይመስላል፤ ቀይ። «ስኳሩ ይኸውና። ለዛሬው የኳስ ግጥሚያ የሚሰለፉት ሁሉ ትናንት ሽንት ሰጥተው ነበር። በሰማያዊ መድኃኒት ሳፈላው የጋሽ ወልዴ እንዲህ ሆነ።»

ዘርፈሽ ሳቀች። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ሽንቱ ውስጥ! ሽንቱ ውስጥ ነው እንዴ! በሽንቱ ማን ይታሰራል?» እኔም ሳቅኩ። ሸዋርካብሽ እንኳ አማተበችና ተነፈሰች። ያደታ ብቻ አልሳቀም፤ እስክንጨርስ ጠበቀን፤ ያ መጠበቁ ነው ሳቃችንን አንድ በአንድ ያጠፋው። «እትዬ ዘርፈሽ፣ የስኳር በሽታ ነው። የሚበሉት እህል ለሰውነታቸው አይደርስም፣ በሽንት ነው የሚሄደው። ሰውነታቸው ሲርበው የራሱን ስብ ይበላል፤ ስቡ ሲያልቅ ሥጋውን ይቀጥላል። የከሱት በስፖርት አይደለም። ውሃ ያበዛሉ?» የሌሊቱ እንስራ ትዝ አለኝ። እኔ «ያበዛል» አልኩ።

ዘርፈሽ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየቻቸው። «እሱ የወፍራም ሰው በሽታ አይደል እንዴ?» አለች። «ቢይዝ እኔን ነው መያዝ ያለበት። እሱማ ከስቶ ተሽሎት የለም?» ያደታ በዓይን አይታወቅም አላት። አላመነችውም። እሷንም ካላየ ከወንበሩ እንደማትነሳ ነገረችው፤ ከክሊኒኩ ጓሮ ሄዳ መጣች። የእሷ ቱቦ እሳቱ ላይ ፈልቶ ወጣ፤ ሰማያዊ ሆኖ የገባው ሰማያዊ እንደሆነ ወጣ። ያደታ ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን ሰካቸው። የደም ግፊቷንም ለካ፤ ምንም የለብዎትም አላት። ሸዋርካብሽ ሁለቱን ቱቦዎች ለረጅም ጊዜ አየች፤ ቀዩንና ሰማያዊውን። አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን ስታላቅቅ አየኋት፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ሥዕል ማየት ጀመረች።

ያኔ ነው ዘርፈሽ ቀስ ብላ የጠየቀችው። «ጠዋት ጠዋት ስኳር በውሃ እየበጠበጥኩ እሰጠው ነበር። ለጉልበቱ። ሲከሳብኝ ጊዜ። የኔንም ድርሻ፣ አልበቃ ሲል ደግሞ ከጓሮ እየገዛሁ።» ያደታ ወደ ቱቦዎቹ ዞረ። በሽታውን ያመጣው እሱ እንዳልሆነ፣ ከእንግዲህ ግን እንዳትሰጠው ነገራት። ዛሬ ሜዳ ላይ ከሮጠ ሊወድቅ ይችላል፣ ሊነሳም ላይችል ይችላል አላት፤ ወደ ሆስፒታል ዛሬውኑ ይግባ። «እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም። ጠዋት ሲያልፉ ጠርቼ ደክመዋል ብላቸው፣ ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ካለ አሳየኝ ብለው ደረታቸውን መቱልኝ።»

ኳስ ሜዳው እስከ አጥሩ ድረስ ሞልቷል። ሰልፉ ካበቃ በኋላ ትልቁ ነገር የወፍራሞችና የቀጫጮች ግጥሚያ ነው፤ የየመሥሪያ ቤቱ ሰው በሆዱ ተመድቦ ይጫወታል፣ ከተማውም ለዓመቱ ይስቃል። አምና ወልደአማኑኤል የወፍራሞች በረኛ ነበር፤ ሕዝቡ «በሩን ሞላው! በሩን ሞላው!» እያለ ነው የዋለበት። ዘንድሮ የቀጫጮች አምበል ነው። ስንደርስ ግጥሚያው ሊጀመር ሁለቱ ቡድኖች መሃል ላይ ተሰልፈዋል። ነጭ ቁምጣ ለብሷል። እግሮቹን ሳይ ደነገጥኩ፤ በየቀኑ የማየው ሰው ነው፣ ግን በሱሪ። ጉልበቱ ከጭኑ ይሰፋል። ከንፈሩ ደርቆ ነጥቷል። ፊቱ ግን የሙሽራ ፊት ነበር፤ እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ጓድ ገብረ መስቀል በድምጽ ማጉያው «የሥራና የስፖርት አርአያችን!» ሲል ሰዉ አጨበጨበ፤ ወልደአማኑኤል አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳ። ያንን ጭብጨባ ትቶ ታመሃል ስላሉት የሚወጣ ሰው እንዳልሆነ ሦስታችንም አወቅን። ያቺ የስብሰባ ሳቅ አሁንም ጆሮው ውስጥ አለች።

ዘርፈሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና መስመሩን አልፋ ገባች። እኔም ከኋላዋ ገባሁ፤ እኔን ማንም አላየኝም። እሷን ግን ያላየ አልነበረም። መጀመሪያ ከአንድ ጎን ፉጨት ተነሳ፤ ቀጥሎ ማጉያው ላይ አንዱ ቀልደኛ «ወፍራሞች አዲስ ተጫዋች አስገብተዋል!» አለ። ሜዳው ፈነዳ። ያን ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ ሲስቅ ከመሃል ሆናችሁ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆን እንጃ፤ እንደ በረዶ ነው፣ ከየት እንደሚመታችሁ አይታወቅም። አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። አልፈጠነችም፣ አልዘገየችም፣ ወደ ገበያ እንደምትሄድ ሴት ሄደች። ወልደአማኑኤል ፊቱ ተለዋወጠ። ጥርሱን ነክሶ «ምን ሆነሽ ነው? ውጪ! ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» አላት።

እሷም ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «ስኳር ተገኘብህ» አለችው።

ሌላ አልጨመረችም። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ስሰማ መጀመሪያ የተሳሳተች መሰለኝ፤ ክሊኒክ የተነገራትን ረስታ ወደ ጠዋቱ ፍርሃት የተመለሰች። ሆን ብላ መሆኑን ዓይኗን ሳይ ነው ያወቅሁት። የወልደአማኑኤል ፊት በአንድ ጊዜ አመድ ሆነ። በዓይኑ ጓድ ገብረ መስቀልን ፈለገ፣ በዓይኑ ፖሊሶቹን ፈለገ። ከዚያ ሆዱን እንዳመመው ሰው ጎንበስ አለና ለዳኛው በእጁ ምልክት ሰጥቶ ከእኛ ጋር ወጣ። ሕዝቡ «አምበሉ ተማረከ!» እያለ ሸኘን።

ሸዋርካብሽ ከመስመሩ ጋ ጠበቀችን፤ የዘርፈሽን ጫማ ከጭቃው አውጥታ ይዛው ነበር። ሳትሰጣት ይዛው ሄደች። በላይኛው መንገድ ወጣን። ወልደአማኑኤል ዳገቱ ላይ ትንፋሽ እያጠረው፣ በሹክሹክታ «ስንት ኪሎ አገኙ?» አለ።

«አልመዘኑትም።»

«ማነው የጠቆመብኝ?»

«ራስህ ሰጥተሃቸው ነው አሉ።»

«እኔ? መቼ?»

«ትናንት።»

ሳቄን ለመያዝ ነጠላዬን ነከስኩ። ሰውዬው በየጥቂቱ እየቆመ የአጥር እንጨት ይይዛል። ከአንዱ ደጃፍ ውሃ ለምኖ አንድ ጆግ ጠጣ፤ ሌላ ደገመ። የቤቱ እመቤት «አይ ስፖርት! እንዴት ያለ ቁመና ነው የሰጠዎት ጋሽ ወልዴ!» ብላ አደነቀችው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ቆመ። እዚህ ምን እንሠራለን አለ። ዘርፈሽ ያን ጊዜ ነገረችው፤ ቱቦውን፣ ቀዩን፣ ሁሉንም። እሱም ልክ እንደ እሷ መጀመሪያ ሳቀ። «ውስጤ ነው? ስኳሩ ውስጤ ነው?» እያለ የደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሳቁ አለቀበት። የገዛ ጭኑን በሁለት እጁ ከበበው፤ ጣቶቹ ሊገናኙ ትንሽ ነው የቀራቸው። «ስፖርቱ አይደለም ማለት ነው» አለ። ለማናችንም አይደለም ያለው።

ዶክተሩ አየው፣ ደም ተወሰደ። በየቀኑ የሚወጋ መርፌ እንደሚያስፈልገውና ዛሬ መጀመር እንዳለበት ነገረው። ወልደአማኑኤል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «መርፌው ያወፍራል?» ዶክተሩ ደስ የሚያሰኝ ዜና የሚነግረው መስሎት፣ «እንዴታ! ወደ ድሮ ሰውነትህ ይመልስሃል» አለው። ዶክተሩ ሲወጣ ወልደአማኑኤል ከአልጋው ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ክፍሉ ስድስት አልጋ የያዘ፣ አረንጓዴ ቀለሙ እስከ ወገብ የተላጠ ነው። ከኳስ ሜዳው በኩል ጩኸት ይሰማል፤ ግብ ገብቶ ይሆናል። «አልወጋም» አለ ጀርባውን ሰጥቶን። «ግንቦት ላይ ስብሰባ አለ። እንደገና ያንን ሆድ ይዤ አልቆምም።» እህቱ «ወልዴ» አለች። እኔ ስለ ጤናም ስለ ዕድሜም አንድ ሁለት ነገር ሞከርኩ፤ ጎረቤት በእንዲህ ዓይነት ጊዜ የሚለውን ሁሉ። ዘርፈሽ መንገዱ አድክሟት ነበርና እሱ የተነሳበት አልጋ ላይ ቁጭ አለች፤ ብረቱ ተንቋቋ።

ነርሷ መርፌውን በትሪ ይዛ የገባችው ያኔ ነው። ወጣት ናት፣ ትቸኩላለች። በሩ ላይ ቆማ «ስኳር ያለበት ማነው?» አለች፤ መልስም አልጠበቀች። መስኮቱ ጋ በቁምጣ የቆመ ሸንቃጣ ስፖርተኛ አየች፤ አልጋው ላይ የተቀመጠች ወፍራም ሴት አየች። በቀጥታ ወደ ዘርፈሽ ሄደች። «እጅጌሽን ሰብስቢ እናቴ» አለቻት። እኔ እሷ አይደለችም ልል አፌን ከፈትኩ። ዘርፈሽ አየችኝ። ያንን አስተያየት አልረሳውም፤ አፌን ዘጋሁት። ዘርፈሽ ወፍራም ክንዷን አውጥታ ለነርሷ ሰጠች። ክንዷ በጥጥ ታበሰ፣ የአልኮሉ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ነርሷ መርፌውን ወደ ላይ አንስታ አየር አስወጣች። አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ የተኛው ሽማግሌ እንኳ ማቃሰቱን ተወ። ዘርፈሽ ባሏን አላየችውም፤ የራሷን ክንድ ነው የምታየው፣ እንደ ሰው ዕቃ።

«እሷ አይደለችም» አለ ወልደአማኑኤል ከመስኮቱ ጋ።

ነርሷ ዞረች።

«እሷ ምንም የለባትም። እኔ ነኝ።»

ነርሷ ከእግር እስከ ራሱ ካየችው በኋላ «አንተ?» አለች፤ እንዳላመነችው ያስታውቃል። እሱም መጥቶ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠና ክንዱን ዘረጋ። ሲወጋ ዓይኑን ጨፈነ፤ የዘርፈሽ ቀሚስ ጫፍ በጣቶቹ መሃል ነበር። ከዚያ አስተኙት። ጥቂት ቆይቶ በዚያ ቁምጣው እንደሆነ እንቅልፍ ወሰደው፤ ተኝቶ ሲታይ አርአያ አይመስልም፣ የተራበ ሰው ይመስላል።

ከሰዓት በኋላው ገፋ። ዝናብ ሊመጣ ክፍሉ ጠቆረ። እኔ ከግድግዳው ጋ፣ ሁለቱ ሴቶች አልጋው አጠገብ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በመሃላቸው የአንድ ሰው ቦታ። ሸዋርካብሽ የዘርፈሽን ጫማ በነጠላዋ ጠርዝ ስትጠርግ ቆየች፤ ጭቃው ካለቀ በኋላም ጠረገችው። ከዚያ መሬት ላይ ከዘርፈሽ እግር አጠገብ አስቀመጠችው። ወጥታ ሄደችና ከበሩ ፊት ከሚሸጡት ዳቦ ገዝታ ተመለሰች፤ ለሁለት ቆረሰችው፣ ትልቁን ለየች። ከጠዋቱ ጥያቄዋ ወዲህ ለወንድሟ ሚስት ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«እንቺ፣ ብዪ» አለቻት። «እህል ሳትቀምሺ ነው የዋልሽው።»

ዘርፈሽ ዳቦውን አየችው። ቀጥሎ ሸዋርካብሽን አየቻት። እጇን አልዘረጋችም፣ አልሰበሰበችምም።

«የማን ድርሻ ነው?» አለች።